በባሕር ዳር ለኪራይ ቤት መግዛት፦ ሒሳቡ፣ ካርታውና ጥቁሩ አፈር

ባሕር ዳር ውስጥ ትርፍ ገንዘብ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቤት ነው። ብር ባንክ ሲቀመጥ ይሟሟል፤ ንግድ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይቆማል፤ ቤት ግን የትም አይሄድም ይባላል። አባባሉ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ገዢ እዚያው ላይ ይቆማል። "ስንት ይከራያል?" ብሎ ይጠይቃል፣ በ12 ያባዛል፣ ቀብድ ይከፍላል። የቤቱን ትርፍ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም የተጣራው ገቢ፣ ይዞታው በምን ዓይነት ወረቀት እንደተያዘና ግድግዳው የቆመበት አፈር፣ ቁልፍ ከተረከበ በኋላ ነው የሚታዩት።

ከሒሳቡ እንጀምር። በ200 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ፣ ዋና ቤትና አራት ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት ግቢ በ8 ሚሊዮን ብር ቀረበ እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ስለሆኑ አንባቢ በሰፈሩ ዋጋ ይተካቸው። ዋናው ቤት በወር 28,000፣ ሰርቪሶቹ እያንዳንዳቸው 4,500 ብር ይከራያሉ። በወር 46,000፣ በዓመት 552,000 ብር መሆኑ ነው። ለ8 ሚሊዮን ሲካፈል 6.9 በመቶ ይመጣል። የደላላ ሒሳብ እዚህ ላይ ያልቃል።

የባለቤቱ ሒሳብ ግን ገና መጀመሩ ነው። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ስለሆነ 160,000 ብር ይወጣል። የስም ዝውውር አገልግሎት፣ የደላላ ኮሚሽን፣ ቀለም፣ ሮቶና ሞተር ተደምረው 440,000 ብር ቢፈጁ፣ ቤቱ የተገዛው በ8.6 ሚሊዮን እንጂ በ8 ሚሊዮን አይደለም። ከዚያ ባዶ የሚያድሩት ወራት አሉ። ዋናው ቤት በዓመት አንድ ወር፣ ሰርቪሶቹ በድምሩ አምስት የክፍል ወር ባዶ ቢሆኑ 50,500 ብር ይቀነሳል፤ እጅ የሚገባው 501,500 ይሆናል። ጥገና፣ የሽንት ቤት ማስመጠጫና ቀለም 60,000፣ የጋራ መብራት፣ ውኃና ቆሻሻ 24,000፣ የዓመት የቦታ ኪራይ ወይም የሊዝ ክፍያ 10,000 ብር እንያዝ። 407,500 ይቀራል። የኪራይ ገቢ ግብር በደረጃ እያደገ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል፤ ለዚህ ግቢ 70,000 ቢደርስ የተጣራው 337,500 ብር ነው። ለ8.6 ሚሊዮን ሲካፈል 3.9 በመቶ ይሆናል። 6.9 ተብሎ የተገዛው ማለት ነው።

ብሔራዊ ባንክ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለቁጠባ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በዚያ ምጣኔ 8.6 ሚሊዮን ብር 602,000 ያስገኛል፤ ያለ ተከራይ ጭቅጭቅ፣ ያለ ቧንቧ ሠራተኛ። ታዲያ ሰው ለምን ቤት ይገዛል? ዋጋው ይጨምራል ብሎ ነው። ግምቱ ሐቀኛ ነው፣ ግን በቁጥር መባል አለበት። የዋጋ ንረቱ 14 በመቶ ቢሆን፣ የተጣራው ኪራይ 4 በመቶ ገደማ ስለሚሸፍን፣ ገንዘቡ አቅሙን ሳያጣ እንዲቆይ ብቻ ቤቱ በየዓመቱ 10 በመቶ ያህል መጨመር አለበት። ከዚያ በታች ከጨመረ ባለቤቱ ኪራይ እየሰበሰበ ይከስራል። በብድር የሚገዛ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ። የዋጋውን ግማሽ፣ 4.3 ሚሊዮን ብር፣ በ18 በመቶ ወለድ ቢበደር የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 774,000 ብር ነው፤ ኪራዩ ግማሹን እንኳ አይከፍልም። ልዩነቱን ከደመወዝ ወይም ከንግድ የሚሞላ ሰው ካልሆነ በቀር፣ ለማከራየት ብሎ መበደር በዚህ ዋጋ አያዋጣም።

እንግዲህ ገዢው በዋናነት የሚገዛው የቦታውን ዋጋ ዕድገት ከሆነ፣ የሚቀጥለው ጥያቄ ያ ዕድገት በሕግ የማን ነው የሚለው ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ግለሰብ የሚሸጠው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። ይህ በሰላሙ ጊዜ እንደ ወግ የሚታለፍ ዐረፍተ ነገር የልማት ማስነሣት ሲመጣ በብር ይተረጎማል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ቤቱን ለመተካት የሚያስፈልገውን ወጪ መሠረት አድርጎ ያስከፍላል፤ ምትክ ቦታና የመፈናቀያ ክፍያም አለ። "ሐይቁ ፊት ለፊት ነው" ተብሎ የተከፈለው ሁለትና ሦስት ሚሊዮን ግን በግምቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ከዋጋው ውስጥ ምን ያህሉ ለግንባታ፣ ምን ያህሉ ለቦታ እንደሆነ መለየት ግድ ነው። ቤቱን ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት 4.5 ሚሊዮን የሚፈጅ ከሆነና 8 ሚሊዮን ከተጠየቀ፣ 3.5 ሚሊዮኑ ያለ ዋስትና የተቀመጠ ገንዘብ ነው። የኮሪደር ልማት በከተማው በሚካሄድበት በዚህ ዘመን፣ ከዋና መንገድ ዳርና ከጣና ዳርቻ ያለ ግቢ ከመግዛት በፊት የመንገዱን ሙሉ ስፋትና የሐይቁን ክልል በከተማው ፕላን ላይ ማየት የሚፈጀው ጥቂት ቀን ነው። አጥሩ ከፕላኑ መንገድ ውስጥ ሁለት ሜትር ገብቶ ከተገኘ፣ ሰርቪሶቹ የቆሙት ብዙ ጊዜ እዚያው ሁለት ሜትር ላይ ነው።

ካርታው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ነባር ይዞታና ሊዝ። ነባር ይዞታ ርካሽ የዓመት ክፍያ ስላለው ሻጮች እንደ ጌጥ ያቀርቡታል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ግን ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ሻጩ የሚከፍለውን የዓመት ኪራይ እንጂ ገዢው የሚከፍለውን ሊዝ አይቶ ሒሳብ የሚሠራ ደላላ ብዙም አይገኝም። የሊዝ ይዞታ ከሆነ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ የቀረው ዕዳ፣ ወለዱና ውዝፉ ከክፍለ ከተማው በጽሑፍ መምጣት አለበት፤ ካልሆነ ከቤቱ ጋር አብሮ ለገዢው ይተላለፋል።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ባልተሠራ ወይም በጅምር ቦታ ላይ ነው። በዚያው አዋጅ ግንባታ ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ የሚተላለፍ የሊዝ ቦታ በሚመለከተው አካል ክትትል ግልጽ በሆነ ሥርዓት መተላለፍ አለበት፤ አስተላላፊው የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ ከባንክ ወለድ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዝ መተላለፊያ ዋጋው 5 በመቶ ነው። ቀሪው የመንግሥት ነው። ገበያው ይህን ስለሚያውቅ ሁለት ውል ይጻፋል፤ አንዱ ለመንግሥት፣ አንዱ "የውስጥ"። የቤት ማኅበር ቦታም እንዲሁ ካርታው በአባሉ ስም ሳይወጣ በውስጥ ውል እጅ ይለውጣል። ዋጋው ከካርታ ቦታ በብዙ ያንሳል፤ ማነሱ ስጦታ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል (ቁጥር 1723)። ቦታው ዋጋ ሲያወጣ ሻጩ ወይም ልጆቹ "አልሸጥንም" ቢሉ፣ ገዢው ይዞ የሚቀርበው ወረቀት ቤቱን ቀርቶ ሦስት ዓመት የቆየ ብሩን በዛሬ አቅሙ አያስመልስለትም። በከተማው ጠርዝ በቀጥታ ከገበሬ የሚገዛው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ የገጠር መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም።

የማጣራቱ ሥራ በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ካርታውን ይዞ ማኅደሩ ወዳለበት የመሬት ጽሕፈት ቤት መሄድ፤ ኮፒው ከማኅደሩ ጋር በስፋት፣ በአዋሳኝና በአገልግሎት ዓይነት መገናኘቱን ማየት። ከዚያ ሰርቬየር ቀጥሮ በካርታው ላይ ያሉትን የማዕዘን ነጥቦች መሬቱ ላይ ማስለካት፤ አጥርና ካርታ ሳይገጥሙ ዓመታት የኖሩ ግቢዎች ጥቂት አይደሉም። ቀጥሎ የዕዳና እገዳ ማረጋገጫ፤ ይህ የሚጠየቀው ቀብድ ከመከፈሉ በፊትም፣ ውሉ በሚፈረምበት ሳምንትም ነው፤ በመካከሉ የፍርድ ቤት እግድ ሊገባ ይችላልና። ሻጩ ያገባ ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾች በሙሉ መቅረብ አለባቸው፤ "ወንድሜ ውጭ ነው፣ እስማማለሁ ብሏል" የሚለው ቃል አይበቃም። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው የመሸጥ ሥልጣንን በግልጽ መጥቀሱ ይታያል፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ያበቃል። ከባሕር ማዶ የመጣ የአሥር ዓመት ውክልና ይዞ የቀረበ ሰው፣ ወካዩን በቪዲዮ ቢያገናኝ ቅር ሊለው አይገባም። ቀብድን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሰጪው ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ለዚህ ግን ሰነዱ ላይ "ቀብድ" ተብሎ መጻፍ አለበት። "ቅድመ ክፍያ" የሚል ቃል ከተጻፈ ክርክሩ ሌላ ይሆናል።

አሁን ወደ አፈሩ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ሜዳ ላይ ያረፈች ከተማ ናት። ዝናቧ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሜዳ ስለሆነች ውኃው የሚሄድበት ተዳፋት ትንሽ ነው። በብዙ ሰፈር ከላይ ጥቁር አፈር፣ ዋልካ፣ አለ። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ በየዓመቱ ቤቱን ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። መሠረቱ ዋልካው ውስጥ በአንድ ሜትር ጥልቀት የተቀመጠ ፎቅ የሌለው ቤት በሁለትና በሦስት ክረምት ይሰነጠቃል። ጂ ፕላስ ሁለት ብዙ ጊዜ በተሻለ ይቆማል፤ ክብደቱ ስለሚያግዘውና መሠረቱም በመሐንዲስ ስለሚሠራ ነው። ተጎጂው በአንድ ግንበኛ ልምድ የተሠራው ቀላሉ ቤት ነው፤ በተለይ ሰርቪሶቹ።

ስንጥቅ ሲታይ አቅጣጫው ይነበብ። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ወደ ላይ ሲሄድ የሚሰፋ ስንጥቅ የመሠረት መንቀሳቀስ ምልክት ነው። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ ግን የልስን ጉዳይ ነው፤ ለዋጋ መከራከሪያ ይሆናል እንጂ አያስፈራም። ዋልካ ላይ ያለ ቤት ስንጥቁ የሚከፈተው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ በነሐሴ አፈሩ አብጦ ይገጥመዋል። በነሐሴ ቤት አይቶ "ምንም ስንጥቅ የለውም" ያለ ገዢ የሚያየውን በግንቦት ያገኛል። በተቃራኒው ውኃው የሚታየው በነሐሴ ነው። ሁለት ጊዜ ማየት ካልተቻለ፣ አዲስ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ ትቶ ቀለም ያልደረሰባቸውን መመልከት ነው፦ የጓዳውን ጀርባ፣ የሰርቪሶቹን ኋላ፣ የአጥሩን ውስጥ። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ ጨው የወጣበትና ልስኑ የሚረግፍ ብሎኬት እርጥበት ከታች እየሳበ ነው። ቀለም አይፈውሰውም። እርጥበት መከላከያው በግሬድ ቢሙ (ግድግዳው በሚያርፍበት የኮንክሪት አግዳሚ) ላይ ሲቀር የሚመጣ ነውና መድኃኒቱ ውድ ነው።

ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ ዳር የተጠጉ ዝቅተኛ ቦታዎች ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ደንገል ይበቅልባቸው የነበሩ ረግረጎች በሙሌት ተሞልተው ቤት ሆነዋል። ሙሌቱ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተረገጠ ካልተሞላ ወለሉ ይሰምጣል፤ ሊሾው ከግድግዳው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱን የሚደብቀው በግድግዳው ግርጌ አዲስ የተለጠፈ ዞኮሎ ነው፤ ስለዚህ የወለሉን ልክ በውኃ ልክ ወይም በቀላሉ ኳስ አንከባሎ መፈተሽ ይቻላል። የጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ካለ በነሐሴ ውኃው ከአፉ ስንት ሜትር ላይ እንደሚቆም መጠየቅ ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል። ሁለት ሜትር ከተባለ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በክረምት የሚሞላው በሰው አይደለም፣ በከርሰ ምድር ውኃ ነው። ይመጠጣል፣ በሁለት ሳምንት መልሶ ይሞላል። የኪራዩን ትርፍ ከሚበሉት ነገሮች ይህ ቀዳሚው ሲሆን፣ መድኃኒቱም ግድግዳውና ወለሉ በኮንክሪት የታሸገ ሴፕቲክ ታንክ ነው፤ ባዶ ሆኖ እንዳይንሳፈፍ ደግሞ ክብደቱ ይሰላል። የጉድጓድ ውኃን በተመለከተ፣ ከሽንት ቤት እስከ 30 ሜትር እንዲርቅ ይመከራል። 10 በ20 በሆነ ግቢ ይህ በጭራሽ አይሆንም፤ ጎረቤትም የራሱ ጉድጓድ አለው። ስለዚህ "የራሱ ውኃ አለው" ተብሎ ዋጋ የሚጨመርበት ጉድጓድ ለልብስና ለወለል ማጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይቆጠር።

ጣሪያ ላይ የሚጠየቀው የቆርቆሮው ጌጅ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል፣ 28 ከ32 ይወፍራል። የእንጨትና ጭቃ ቤት ከሆነ ምስጥ ከታች በኩል ማገሩን ይበላዋልና ምሰሶዎቹን በብረት ጫፍ ወጋ ወጋ ማድረግ ይገባል። እንዲህ ያለ ቤት ሲገዛ ቤቱን በዜሮ ቆጥሮ ቦታውን ብቻ መገመት ይሻላል።

ተከራይ በሰፈር ይለያያል። ፔዳና ፖሊ በሚባሉት የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አካባቢ ነጠላ ክፍል ቶሎ ይያዛል፤ ነገር ግን የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ይለቀቃል፣ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ባዶ ያድራል። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ዙሪያ ተረኛ ሠራተኛ ስላለ ለሥራ ቦታ ቅርበት የሚከፍል ተከራይ ይገኛል። ለቤተሰብ የሚሆን ዋና ቤት ቀስ ብሎ ይያዛል፣ ግን ሦስትና አራት ዓመት ይቆያል። ቱሪስትን ተስፋ አድርገው በሐይቁ ዳር ለእንግዳ ማረፊያ የተሠሩ ቤቶች ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልሉ ግጭቱ ሲበረታ የደረሰባቸውን አንባቢ ያውቀዋል። በሌላ በኩል ከወረዳ ወደ ከተማው የሚገባ ቤተሰብ በዝቷል፤ ይህ ፍላጎት ኪራይን ቢያስወድድም መንገድ ሲከፈት ምን ያህሉ እንደሚቆይ ስለማይታወቅ የአሥር ዓመት ሒሳብ አይቆምበትም። አስተማማኙ ግምት ባለፉት ሦስት ዓመታት ዝቅተኛ የነበረውን ኪራይ ይዞ መሥራት ነው።

የሰርቪስ ክፍል በካሬ ሜትር ሲሰላ ከዋናው ቤት በጣም ያስገኛል። ጭቅጭቁም እንደዚያው ነው፤ መነሻው ደግሞ አንድ ቆጣሪ ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ ስለሚጨምር፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ከፍተኛውን እርከን ይከፍላል፤ ምጣድ ያለው ባለ አንድ አምፖሉን ያስከፍላል። ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት አንድ ጊዜ የሚወጣ ወጪ ነው፤ በመግቢያው ቀን ንባቡ ውሉ ላይ ይጻፍ። የምጣድ መስመር ከአምፖል መስመር ተለይቶ በወፍራም ሽቦ ካልተዘረጋ ሶኬት እየቀለጠ የእሳት አደጋ ያመጣል። መስኮት ላይ የወባ ትንኝ ወንፊት ማድረግ በዚህ ከተማ ቅንጦት አይደለም፤ ተከራይ ከሚቆይባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም መንግሥት በሚወስነው ልክ እንዲሆን ደንግጓል። በክልል የሚፈጸመው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ስለሆነ አከራይ ክፍለ ከተማውን ጠይቆ ይፈርም። በጀት ሲሠራ ግን ኪራይ በየስድስት ወሩ ይጨመራል ብሎ ማሰብ ከእንግዲህ አያዛልቅም። የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ ተቀብሎ ጣሪያ መጠገን የለመደም ሌላ ምንጭ ይፈልግ። ከኪራዩ 10 በመቶውን በየወሩ ለይቶ ማስቀመጥ የሚሠራ ልማድ ነው፤ ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነና ቤቱን ዘመድ የሚያስተዳድረው ከሆነ ይህ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይግባ፣ ለዘመዱም በግልጽ የተነገረ አበል ይኑረው። አበል የሌለው ዘመድ ቤቱን ሳይሆን ይሉኝታውን ነው የሚያስተዳድረው።

የጥገናው ወቅት ግንቦት ነው። አሸንዳ ይጠረጋል፣ የላላ ሚስማር ከነጎማው ይቀየራል፣ በግቢው ውስጥ ያለው ቦይ ከመንገዱ ቦይ ከፍ ብሎ መጨረሱ ይታያል፤ ሴፕቲኩ ከዝናቡ በፊት ይመጠጣል። ዋልካ ላይ ያለ ቤት ከግድግዳው ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የኮንክሪት ንጣፍ ቢደረግለት አፈሩ ሥር የሚገባው ውኃ ይቀንሳል። ባሕር ዛፍ ከቤቱ አጠገብ ካለ በበጋ አፈሩን ያደርቀዋልና ስንጥቁን ያባብሳል፤ በድንገት ሲቆረጥም አፈሩ መልሶ ያብጣል። ውጫዊ ቀለም ግን እስከ ጥቅምት ይቆይ፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም በገና አረፋ ያወጣል።

መሸጥ ሲታሰብ የሚረሳው ደረሰኝ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ጥቅሙ የሚሰላው ከመሸጫው ላይ የመግዣውና የግንባታው ወጪ ተቀንሶ ነው። ጣሪያው ሲቀየር፣ ሴፕቲኩ ሲታሸግ፣ ሁለት ሰርቪስ ሲጨመር የተከፈለው ሁሉ በስም የወጣ ደረሰኝና የግንባታ ፈቃድ ከሌለው፣ ግብር ሰብሳቢው ዘንድ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። ያለ ፈቃድ የተጨመረ ሰርቪስ ደግሞ ገዢው ሰርቬየር ይዞ የመጣ ቀን ከዋጋው ይቀነሳል።